የዝማም ቁልቁለት

ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ልጆቼ። የምነግራችሁ መንገድ ሳይወጣ የነበረ ነገር ነው። ሰው ከአገር አገር በእግሩና በበቅሎው የሚሄድበት፣ የመኪና ወሬው እንጂ ድምፁ ያልመጣበት ዘመን ነበር። በዚያ ዘመን በዘርጊ ወንዝ ዳር ግራር ታች የምትባል መንደር ነበረች።

የግራር ታች መሬት ለም ነበር። ማሽላው ፈረሰኛን ከነፈረሱ ይሰውራል። መውጫ ግን አልነበራትም። ከኋላዋ ገደል ነው፣ ከፊቷ ዘርጊ ነው። በበጋ ሰዉ ወንዙን በእግሩ ይሻገራል፣ የማዶውን ዳገት ይወጣል፣ ግማሽ ቀን ተጉዞ ከተማ ይገባል። ክረምት ሲሆን ግን ዘርጊ ይሞላል። ከሐምሌ እስከ መስከረም አጋማሽ ከግራር ታች የሚወጣ የለም፣ ወደ ግራር ታች የሚገባም የለም። የታመመ እዚያው ይታመማል፣ የሞተ እዚያው ይቀበራል። ማዶ ያለ ዘመድ መርዶውን የሚሰማው ለመስቀል ነው።

ከመንደሩ ወጣ ብሎ፣ ወንዙ አፋፍ ላይ፣ አንዲት ደሳሳ ጎጆ ነበረች። በዚያች ጎጆ ዝማም የምትባል ሸክላ ሠሪ ትኖር ነበር። ዝማም በጋብቻ ከሌላ አገር የመጣች ናት። ባሏ ቀጥቃጭ ነበር፣ ሞተ። ልጅ አልወለደችም። መንደሩ በእሷ እንስራ ውሃ ይቀዳል፣ በእሷ ድስት ወጥ ይሠራል፣ እሷን ግን ከደጁ አያስገባም። ዓይኗን ይፈራሉ። ቡዳ ናት ይላሉ። ስታልፍ ያዩ እናቶች የሕፃናቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። ዝማም ይህን ታያለች። አይታም እንዳላየች አንገቷን ደፍታ ታልፋለች። ጎጆዋ ስትገባ ከጭቃዋ ጋር ታወራለች፤ ሌላ የሚያዋራት አልነበረምና።

አንድ ክረምት፣ ነሐሴ ሲጋመስ፣ የመንደሩ አለቃ የጭቃ ሹም እንግዳው ምራት ምጥ ያዛት። አንጓች ትባላለች። ምጡ አንድ ቀን ሆነ፣ ሁለት ቀን ሆነ፣ ሦስተኛው ቀን ገባ። አዋላጆቹ ልጁ ተጋድሟል አሉ። ከተማ ካለው ሐኪም ቤት ካልደረሰች ሁለቱም አይተርፉም አሉ። ወንዶቹ ቃሬዛ ሠርተው እስከ ወንዙ ተሸከሟት። ዘርጊ ዛፍ ከነሥሩ እየነቀለ ይወርዳል። ቃሬዛውን አስቀመጡና ቆሙ። ሴቶቹ ገና ሳትሞት ለቅሶ ጀመሩ።

ዝማም ከጎጆዋ ደጃፍ ሆና ይህን አየች። ጎጆዋ ውስጥ ለመስቀል ገበያ ያዘጋጀቻቸው አሥራ ሁለት ትልልቅ እንስራዎች ነበሩ። የዓመት ቀለቧ እነሱ ናቸው። ዝማም ወንዙን ታውቀዋለች፤ ሠላሳ ዓመት ጭቃ የቆፈረችው ከእሱ ዳር ነው። ከጎጆዋ ከፍ ብሎ፣ ወንዙ በሚታጠፍበት ቦታ፣ ውሃው ጥልቅ ቢሆንም ርጋታ አለው። ባዶ እንስራ አፉ ከተደፈነ እንደማይሰጥምም ታውቃለች። ግን ፈራች። ሴትየዋ በእኔ እንስራ ላይ ብትሞት ዝማም በላቻት ይላሉ፣ ጎጆዬን ያቃጥሉታል፣ እኔንም ወንዙ ውስጥ ይጨምሩኛል ብላ አሰበች። እንደዚያ እያሰበች ቆመች። አንጓች ስትጮህ ሰማች። ከዚያ በኋላ አልቆመችም።

ወደ ጭቃ ሹሙ ሄዳ እጅ ነሳች። «ጌታዬ፣ እንስራ አለኝ። ገመድና ቆዳ ከተገኘ አሻግራታለሁ» አለች።

 አንዲት ሴት እንዳታስነኳት ብላ አጉረመረመች። የአንጓች ባል ጥጋቡ ግን አባቱን ሳይጠይቅ ሮጦ ሄደ፣ ገመዱንም ቆዳውንም ተሸክሞ መጣ።

የእንስራዎቹን አፍ በቆዳና በሰም ደፈኑ። ስድስቱን በአንድ ወገን፣ ስድስቱን በሌላ ወገን አድርገው ከሸንበቆ አልጋ ሥር አሰሯቸው። ጥጋቡ የገመዱን ጫፍ ወገቡ ላይ ታጥቆ፣ ዝማም ባሳየችው ቦታ ገብቶ ዋኘ። ማዶ ወጣና ገመዱን ግራር ላይ አሰረ። መጀመሪያ ዝማም ብቻዋን ተቀመጠችበትና ገመዱን እየሳበች ተሻግራ ተመለሰች፤ ሰው አይቶ እንዲያምን ነው። ከዚያ አራት ተሸካሚዎች ተሻገሩ። ከዚያ አንጓችን አስተኟት፣ ማዶ ያሉት ሲስቧቸውም ዝማም የአንጓችን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ያዘች። መሃል ወንዝ ላይ ምጡ ሲመጣ አንጓች የዝማምን እጅ ጨብጣ ያዘች፣ ማዶ እስኪደርሱም አልለቀቀችም። ዝማምን ባሏ ከሞተ ወዲህ የሰው እጅ ሲነካት ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ተሸካሚዎቹ ዳገቱን በሩጫ ወጡት። አንጓች ሐኪም ቤት ደረሰች፣ ልጅ ወለደች፣ ሁለቱም ተረፉ። የሸንበቆው አልጋ ግን ሲመለስ ውሃው ከአለት ጋር አጋጨው። ከአሥራ ሁለቱ እንስራ ስምንቱ ተሰበረ።

ዝማም በዚያ ዓመት ለመስቀል ገበያ አልወጣችም። ምን እንደምትበላ ስታስብ አንድ ጠዋት ደጇ ላይ አንድ ቁና ማሽላ ተቀምጦ አገኘች። ማን እንዳስቀመጠው አላየችም። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ሽምብራ አገኘች። ወንዙ ሲጎድል አንጓች ሴት ልጇን ታቅፋ ከከተማ ተመለሰች። ቤቷ ሳትገባ በቀጥታ የዝማም ጎጆ ገባች። የልጇን ፊት አልሸፈነችም።

ያቺ ልጅ የፊት ጥርሷ ሲወልቅ፣ ከተማው መንገድ ሊወጣለት ነው የሚል ወሬ መጣ። መኪና በደጋው ጫፍ ያልፋል አሉ። ጭቃ ሹም እንግዳው በቅሏቸውን ጭነው ወደ ወረዳው ገዥ ሄዱ። መንገዱ ወደ እኛም ይውረድ፣ ዘርጊም ድልድይ ይሠራበት ብለው ለመኑ። ገዥው መዝገቡን ገለጠ። ግራር ታች፣ ሠላሳ አንድ ሰው፣ ይላል። ለሠላሳ አንድ ሰው ቁልቁለት አይቆረጥም፣ ድልድይም አይሠራም ብሎ አሰናበታቸው።

ጭቃ ሹሙ ተመልሰው ይህን ለሰዉ ነገሩ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ሠላሳ አንድ አለመሆናቸውን ሁሉም ያውቃል። ስንት እንደሆኑ ግን ማንም አያውቅም። መዝገቡ የያዘው ግብር የሚከፍሉትን አባወራዎች ብቻ ነው። በዚያ ላይ በግራር ታች ሰው አይቆጠርም ነበር። ከብትም አይቆጠርም። የቆጠሩት ይጎድላል ብለው ይፈሩ ነበር። እንቆጠር ያለ አንድ ጎረምሳ ነበር፤ እናቱ አፉን በእጇ ያዘችው።

ዝማም ከሰዉ ጀርባ ቆማ ስትሰማ ዋለች። በማግስቱ ጭቃ ሹሙ ዘንድ ሄዳ ያሰበችውን ነገረቻቸው። ቤት ለቤት እዞራለሁ፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንዲት የጭቃ እንክብል አቀርባለሁ፣ ሰዉ አውራ ጣቱን ያትምባታል፣ እኔም እጠብሳታለሁ አለች። ማንንም አልቆጥርም፣ ገዥው ቆጥሮ ይወቀው አለች። ጭቃ ሹሙ ብዙ አሰቡና ሞክሪ አሏት።

የመጀመሪያው ደጅ የእማማ ዓለሚቱ ነበር። እማማ ዓለሚቱ በአንድ ዓመት አራት ልጆች በፈንጣጣ የቀበሩ ሴት ናቸው። ፈንጣጣው ሳይገባ አንድ እንግዳ ልጆቹን በጣቱ እየጠቆመ ቆጥሯቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ እማማ ዓለሚቱ ቤት ቁጥር የሚባል ነገር አይነሳም።

«ስንት ናችሁ ልትዪኝ ነው የመጣሽ?» አሏት።

«አልጠይቅዎትም፣ እማማ። ጣትዎን ብቻ ነው የምፈልገው።»

አሮጊቷ ጭቃዋን በመዳፋቸው አገላበጧት። ከዚያ አውራ ጣታቸውን አሳረፉባት። አትመው ሲያበቁ ግን እጃቸውን አልሰበሰቡም። «የእነሱንስ ማን ያትምላቸው?» አሉ።

ዝማም ቁጭ አለች። አራት እንክብል ድቡልቡል አድርጋ ሠራችና አሮጊቷ መዳፍ ላይ አስቀመጠቻቸው። «እርስዎ ያትሙላቸው። እነዚህን ከተማ አልወስዳቸውም። ጠብሼ ለእርስዎ እመልሳቸዋለሁ» አለች። እማማ ዓለሚቱ አንድ በአንድ አተሙ፣ በእያንዳንዷም ላይ የልጁን ስም ጠሩ። ከዚያ ነጠላቸውን አጣፉና ተነሱ። ዝማምን እጇን ይዘው ከደጅ ደጅ መሯት። እማማ ዓለሚቱ አትመው እኔ አላትምም የሚል ሰው አልተገኘም።

ሽማግሌው አተመ፣ ሙሽራዋ አተመች፣ ቄሱ አተሙ። ዓይነ ስውሩ አዝማሪ አትሞ ሲያበቃ የጣቱን ጉድጓድ ደጋግሞ ዳሰሰው። የአራስ ልጅ ጣት በጭቃው ላይ ምስር የምታክል ምልክት ተወች። ሥራው ሦስት ሳምንት ፈጀ። ዝማም ሁሉንም ጠበሰች፣ በገለባ እየለየች በሁለት ስልቻ ሞላችው። የእማማ ዓለሚቱን አራት ግን ለብቻ በጨርቅ ቋጥራ መለሰችላቸው። ስልቻዎቹ በበቅሎ ተጫኑ። ጭቃ ሹሙ ከፊት፣ ዝማም ከኋላ ሆነው ከተማ ወጡ።

ገዥው ስልቻው ሲፈታ ሳቀ። አንዷን አንሥቶ ሲያያት ግን ሳቁን ተወ። ይህ የማን ነው ብሎ ጠየቀ። ጭቃ ሹሙ የቄሱ ነው አሉ። ይቺስ አለ። የአራስ ልጅ ናት፣ ክርስትና ገና አልተነሳችም አሉት። ገዥው ጸሐፊውን ጠርቶ ቁጠር አለው። ጸሐፊው ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ቆጠረ። አራት መቶ አሥራ ስምንት ሆነ።

«ይህ ሁሉ ሰው የት ነበር?» አለ ገዥው።

«እዚያው ነበርን፣ ጌታዬ» አሉ ጭቃ ሹሙ።

ጸሐፊው ብዕሩን ሲያነሳ ጭቃ ሹሙ አንድ ነገር ታወቃቸው። ወደ ዝማም ዞሩና ያንቺ የትኛዋ ናት ብለው ጠየቋት። ዝማም መሬት መሬቱን አየች። የራሷን አልሠራችም ነበር። ከመንደሩ ጋር ይቆጥሩኛል ብዬ አላሰብኩም አለች። ጭቃ ሹሙ የዝማምን ጎጆ ደጃፍ ረግጠው አያውቁም፣ ውሃም ከእጇ ተቀብለው አያውቁም። ምራታቸውን ያሻገረች ዕለት እንኳ እግዜር ይስጥሽ አላሏትም ነበር። አሁን ያ ሁሉ ታያቸውና ፊታቸው ጋለ።

«አራት መቶ አሥራ ዘጠኝ ተብሎ ይጻፍልኝ፣ ጌታዬ» አሉ። «ከእነዚህ ውስጥ የእሷ ጣት ያላረፈበት አንድም የለም።»

ጸሐፊው የማኅተሙን ቀለም አቀረበላት። ዝማም አውራ ጣቷን በመዝገቡ ላይ አሳረፈች። በመመለሻው መንገድ ሁሉ ወይን ጠጁን ጣቷን እያየች ሄደች። ቀለሙ እስኪለቅ ድረስ በዚያ ጣት ጭቃ አልነካችም ይባላል።

ገዥው መንገዱንም ድልድዩንም ፈቀደ፣ በጥር ወር ሠራተኞች መጡ። ከእነሱ ጋር አንድ መሐንዲስ ነበር። የማዶውን ቁልቁለት በዶማና በአካፋ ቆረጡት፣ ግራር ታችም በነቂስ ወጥታ አብራ ቆፈረች። መጋቢት ላይ ሰው ያልጠበቀው ዝናብ ጣለ። ያ ቁልቁለት ዋልካ ነው። ዋልካ ማለት ሲደርቅ ድንጋይ፣ ሲርስ ሳሙና የሚሆን ጥቁር አፈር ነው። በሁለት ቀን ዝናብ የሁለት ወር ሥራ ተንሸራቶ ወንዝ ገባ። በአቅራቢያው ለመንገድ የሚበቃ ድንጋይ የለም። መሐንዲሱ ዕቃውን ማስጫን ጀመረ። የድልድዩ ብረት በግንቦት መጨረሻ ይደርሳል፣ የሚወርድበት መንገድ ከሌለ ወደ ሌላ ወንዝ ይሄዳል አለ።

ዝማም አንድ ገበቴ ውሃ ይዛ ወደ መሐንዲሱ ሄደች። የዋልካ ጓል ውሃው ውስጥ ጣለች። የድስት ገል ደግሞ ጣለች። ቁጭ ብላ ጠበቀች። ጓሉ ሟሟ፣ ገሉ እንዳለ ቀረ።

«ጥሬውን ውሃ ይበላዋል። የበሰለውን አይነካውም» አለች። «ቁልቁለቱን እናብስለው።»

መሐንዲሱ እንዲህ ያለ ነገር ሠርቶ አያውቅም። ግን ገሉን ከውሃው አወጣና በመዶሻ መታው፣ ጠንካራ ሆነበት። እስከ ግንቦት መጨረሻ ጊዜ አላችሁ አላቸው።

ዋልካውን ቆፈሩ። ጓሉን ከኩበት፣ ከማሽላ አገዳና ከእንጨት ጋር እያፈራረቁ ከመሩና እሳት ለቀቁበት። አራት ቀን ነደደ። ሲቀዘቅዝ ከፈቱት። ጓሉ ከላይ ቀይ ነው፣ ውስጡ ግን ጥቁር ነው፣ ውሃ ሲነካው ፈረሰ። የመንደሩ ማገዶ ግማሹ አልቆ ነበር። አንድ ሰው ዶማውን ጥሎ ወደ ቤቱ ሄደ፣ ሌሎችም ተከተሉት። ዝማም ስሕተቱ የእሷ እንደሆነ ገባት፤ ጓሉ ትልቅ ነበር፣ ሳይደርቅም እሳት ገብቷል። ፀሐይ ላይ ተቀመጠችና ጓሉን በቡጢዋ ልክ እየሰበረች ታሰጣ ጀመር። ብቻዋን እስከ ቀትር ሰበረች። በቀትር አንጓች መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ከዚያ እማማ ዓለሚቱ መጡ። አመሻሹ ላይ ዶማውን የጣለው ሰውዬ ተመልሶ መጣ።

ሁለተኛው ክምር ልቡ ድረስ ቀይ ሆኖ ወጣ። ሲመቱት ይጮኻል። ከዚያ ወዲያ የዘርጊ ማዶ ወር ሙሉ ጨሰ። ማገዶ ሲያልቅ ሰዉ የአጥሩን እንጨት ነቀለ፣ ጭቃ ሹሙ የጎተራቸውን ጣሪያ አፈረሱ። የበሰለውን አደቀቁ፣ ሦስት ድርብ አድርገው አነጠፉ፣ ረገጡ፣ ከብት ነዱበት። ምሳ ሲቀርብ ዝማም እንደ ልማዷ ከዳር ልትቀመጥ ስትል ቦታ ለቀቁላት። ከመንደሩ ጋር በአንድ ገበታ በላች። ስድሳ ዓመት አልፏት ነበር፣ ጭሱም ሳል ትቶባታል።

በግንቦት መጨረሻ ብረቱን የጫነው መኪና ደጋው ጫፍ ላይ ደረሰ። በዚያ ቀን ከንጋት ጀምሮ ዝናብ ይዘንብ ነበር። ሾፌሩ ወርዶ ቁልቁል አየ። ግራና ቀኙ ጥቁር ጭቃ ሆኖ ይፈሳል፣ በመሃሉ ቀዩ መንገድ እንደ መቀነት ተዘርግቷል። መሐንዲሱ ለመነው፣ ጭቃ ሹሙ ለመኑት። ልጆች አሉኝ፣ እዚህ አልወርድም አለ። እውነቱን ነበር። እኔ አውቅልሃለሁ የሚለው ሰው አልነበረም፤ እንዲህ ባለ መንገድ መኪና ወርዶ ያየ የለምና።

ዝማም ዳገቱን እያረፈች ወጣች። ጋቢዋ ርሶ ከላይዋ ላይ ተጣብቋል።

«ልጄ» አለችው፣ «እኔ ከፊትህ እሄዳለሁ። መሬቱ ከከዳ መጀመሪያ የሚከዳው እኔን ነው።»

ሾፌሩ ባዶ እግሯን አየ።  ከዚያ ወጥቶ መሪውን ያዘ።

ዝማም ፊት ፊት ሄደች። ሞተሩ ከኋላዋ ያጓራል፣ ሙቀቱ ጀርባዋን ይነካታል። ልቧ ይመታ ነበር፣ እግሯ ግን ገሉን ሁሉ ያውቀዋል። ዞር ብላ አላየችም። ግማሽ ላይ ሲደርሱ ከላይ የወረደ ጎርፍ መንገዱን ቆርጦ ሲያልፍ አገኘች። ቆመች። መኪናውም ቆመ። በአውራ ጣቷ መሬቱን ዳሰሰች፤ በግራ በኩል ላላ አለባት፣ በቀኝ ጠነከረ። ወደ ቀኝ ተጠጋችና በእጇ ና አለችው። የኋላው ጎማ ሲያልፍ መንገዱ ተንቀጠቀጠ፣ አልፈረሰም። እንደዚያ እያሉ ከወንዙ ዳር ወረዱ። ሰዉ እልል አላለም፤ ብዙው ያለቅስ ነበር። ሾፌሩ ከመኪናው ወርዶ ጉልበቷን ሳመ። እሷ ብረቱ ደኅና ነው ወይ ብላ ጠየቀችው።

ድልድዩ በተከታዩ በጋ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ክረምት በግራር ታች ሰው ላይ መንገድ አልዘጋም። ከሩቅ አገር ሙሽራ ገባች፣ አስተማሪ መጣ፣ መንደሯ ሰፋች። ዝማም ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖረች። ስትሞት በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ቀበሯት፤ የአልጋዋን የፊት ሸክም የያዙት ጭቃ ሹም እንግዳው ራሳቸው ነበሩ፣ በዚያ እርጅናቸው።

ያ ቁልቁለት የዝማም ቁልቁለት ተባለ። ዛሬ ሌላ ጠጠር ለብሷል፣ አውቶቡስም ይወርድበታል። ነገር ግን መኪናው ሁሉ ጫፉ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ከተሳፋሪው አንድ ሰው ይወርድና እስከ ታችኛው መታጠፊያ ድረስ ከፊት ከፊት በእግሩ ይሄዳል። መኪናው በእርምጃው ልክ ይከተለዋል። እንግዳ ሰው ፍሬን ሊፈትሹ ነው ይላል። ያዘዘ ሹም የለም፣ የተጻፈ ሕግም የለም። እኔ ሦስት ጊዜ ወርጃለሁ፤ አንዱን በዝናብ።

እንግዲህ እናንተም በዚያ ስታልፉ መኪናው ጫፉ ላይ ቢቆም ለምን ቆመ አትበሉ። ከመካከላችሁ አንዱ ይውረድ።